ባለ ነጭ ባርኔጣው

ልጅ ሳለሁ፣ ገና በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ አንድ ሽማግሌን በሦስት ዓረፍተ ነገር ከሥራቸውም ከቤታቸውም አስወጥቻለሁ። ያስገደደኝ የለም፤ የመታኝም ያስፈራራኝም የለም። ተጠየቅሁ፤ ዐውቅ ነበርና መለስኩ፤ ስመልስም ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ለባሌም ለልጆቼም ተናግሬ አላውቅም። አርባውን ካለፍኩ በኋላ ግን ነገሩ እየራቀኝ በመሄድ ፈንታ እየቀረበኝ መጣ፤ ስለዚህ ልጻፈው።

አባቴ በሰበታ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። ከሰሜን ተሹሞ የመጣ ሰው ስለነበር ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው። እኔ ግን ኦሮምኛን በእግሬ መሄድ ስጀምር አብሬ የጀመርኩት ይመስለኛል፤ ያስተማረችኝም የጎረቤታችን የኦቦ ዲንሳ ልጅ ለሊሴ ነበረች። ኦቦ ዲንሳ ከጅማ መንገድ ዝቅ ብሎ ባለው ወፍጮ ቤት ውስጥ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሱት፣ ድንጋዩን የሚወቅሩት፣ ከወፍጮው ግቢ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥም ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት ሰው ናቸው። ወፍጮውም፣ ክፍሏም፣ በዙሪያው ያለው ማሳም የአንድ ፊታውራሪ ነበር። ፊታውራሪው አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት፤ ለመኸር ካልሆነ ብዙ አይመጡም።

ኦቦ ዲንሳ በጉብዝናቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ውስጥ ሠርተዋል። የሚናገር ፊልም ሲመጣ ባለቤቱ አሮጌውን ማሽን ሊጥለው ሲል «ለእኔ ይስጡኝ» ብለው ለመኑና ከሦስት ጥቅል ፊልም ጋር በአህያ ጭነው ሰበታ አመጡት። ማሽኑ በእጅ የሚዞር ነው። እሑድ ወፍጮው ስለማይፈጭ፣ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ፣ ኦቦ ዲንሳ የሞተሩን ቺንጋ፣ ድንጋዩን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ፈተው ከአንዲት ትንሽ ዲናሞ ጋር ያያይዙታል፤ መስኮቶቹን በጆንያ ይደፍናሉ፤ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ይወጥራሉ። እኛ ከፊት ወንበር ላይ፣ አራሾቹ ከኋላ እህል የተሞላ ጆንያ ላይ እንቀመጣለን። ያኔ አምፖሉ ቦግ ሲል፣ ከጣሪያው የሚረግፈው የዱቄት ብናኝ በብርሃኑ መንገድ ውስጥ ሲዋኝ፣ የጋለው ብረትና የናፍጣው ጭስ አፍንጫችን ውስጥ ሲገባ፣ ፊልሙ ሳይጀመር በፊት ግማሹን ደስታ ጠግበነው ነበር።

ፊልሙ አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያው የለም፣ መጨረሻውም የለም። ነጭ ባርኔጣ ያደረገ ጎልማሳ በፈረስ ይመጣል፤ ሰዎች ሜዳው ላይ ገመድ ይዘረጋሉ፣ ችካል ይተክላሉ፤ ላባ ጭንቅላታቸው ላይ የሰኩ ሰዎች ከኮረብታ ላይ ሆነው ያያሉ፣ ወርደውም ችካሉን ይነቅላሉ፤ ባለ ነጭ ባርኔጣው ይተኩሳል። ሰረገላ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰውዬ ደግሞ አለ፤ ሥራው ከሰደሪያው ኪስ ሰዓት አውጥቶ ማየት ነው። አፋቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የላቸውም። አልፎ አልፎ ጥቁር መደብ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ይልና ይጠፋል።

ድምፃቸው ኦቦ ዲንሳ ነበሩ። በቀኝ እጃቸው ማሽኑን እያዞሩ፣ በግራቸው እያመለከቱ ይተርካሉ፤ ፊልሙ ያው ሆኖ ታሪኩ በየሳምንቱ ሌላ ነው። ባለፈው እሑድ ወንድማማች የነበሩት በዚህኛው አማትና አማች ይሆናሉ። በር ላይ ቆማ የምታለቅሰው ሴትዮ አንድ ቀን ባሏ ሞቶባት ነው፣ ሌላ ቀን ወጧ አርሮባት ነው። የሚተርኩት ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው፤ በፊት ወንበር ለምንቀመጠው ለመሥሪያ ቤት ቤተሰቦች በአማርኛ፣ ከኋላ ጆንያው ላይ ለተደረደሩት አራሾች በኦሮምኛ። ሁለቱ አንድ አልነበሩም። በአማርኛ፣ «ይኸውላችሁ፣ ባለ ነጭ ባርኔጣው የመንግሥት ሰው ነው፤ አገር ሊያቀና መጣ» ይላሉ። ዞር ብለው በኦሮምኛ፣ «ኢላላ! ተመልከቱት፣ ቀላዱን ይዞ መጣላችሁ። የአባታችሁን መቃብር ሊለካ ነው። ፈረሱ እንኳ አፍሮ አንገቱን ደፋ!»

ቀላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው። እዚያ ጆንያው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ያ ገመድ በአያቶቻቸው ማሳ ላይ ካለፈ ወዲህ በገዛ አገራቸው ጭሰኛ ተብለው የሚያርሱ ናቸው። ስለዚህ ከኋላ የሚነሣው ሣቅ ከፊተኛው ሌላ ነበር፤ ከሆድ የሚወጣ፣ ትንሽ እንደ ሳል ያለ። እኔና ለሊሴ ሁለቱንም እንሰማ ስለነበር ሁለቴ እንስቅ ነበር። ከፊተኛው ወንበር ሁለቴ የምትስቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ታዲያ ምን ሆንኩ? እንግሊዝኛ ተማርኩ። አምስተኛ ክፍል ገብቼ ጥቂት ቃል መለየት እንደ ጀመርኩ፣ አንድ እሑድ ጽሑፉ ብቅ ሲል ብድግ አልኩ።

«ኦቦ ዲንሳ፣ እንግሊዝኛው እኮ እንደሱ አይልም!»

«ምን ይላል ታዲያ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እጃቸው ማዞሩን አላቆመም።

«‹ሳይመሽ ይህን አገር ለቀህ ውጣ› ነው የሚለው።»

«እኔስ ምን አልኩ? ውጣ አለው ነው ያልኩት። አንቺ በጠመኔ ተማርሽው፣ እኔ ተባርሬ ተማርኩት፤ ቃሉ ያው ነው።»

ቤቱ በሣቅ ተናጋ። አንዲት ሴትዮ ከኋላ፣ «ተቀመጪ፣ እንግሊዟ!» ብላ ጮኸች። ለሊሴም ሣቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ ውስጥ ስሜ እንግሊዟ ሆነ፤ ውኃ ልቀዳ ስሄድ እንግሊዟ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እንግሊዟ። ቀልድ ነበር፣ ክፋት አልነበረውም። እኔ ግን በልቤ ያዝኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ፊታውራሪው መጡ። በወፍጮ ቤታቸው ሰው እየተሰበሰበ ነው ሲባል ሰምተው ኖሮ እሑድ ሲደርስ ዘበኛቸውን አስከትለው ገቡ፤ ወንበር ወጣላቸው። «እንግሊዝኛ የምታነብ ልጅ አለች» ተብሎ እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለሊሴም ከጎኔ ነበረች። ኦቦ ዲንሳ እጅ ነሡና ማዞር ጀመሩ። ያን ቀን አማርኛቸው እንደ ስብከት የታረመ ነበር። ኦሮምኛቸው ግን አልታረመም፤ ምናልባት ጌታው ቋንቋውን እንደማያውቁ ስለተማመኑ፣ ምናልባትም አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት መናገር ስላማራቸው።

ወፍራሙ ሰውዬ ሰረገላው ውስጥ ሆኖ ሰዓቱን አወጣ። በዚያው ቅጽበት ፊታውራሪውም እንደ ልማዳቸው ከሰደሪያቸው ሰዓታቸውን አወጡ። ኦቦ ዲንሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ፤ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ በሣቅ ፈረሰ። አንዱ ከጆንያው ላይ ወደቀ።

«ምንድን ነው የሚያስቃቸው?» አሉ ፊታውራሪው።

«እንዲያው ነው፣ ጌታዬ፤ ባላገር ፈረስ ባየ ቁጥር ይስቃል» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ፊታውራሪው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ቋንቋቸውን ትሰሚያለሽ?»

ለሊሴ ከጎኔ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች። ጎተት አደረገችኝ። የያዘችበት ቦታ እስከ ዛሬ ጭኔ ላይ ይሰማኛል።

«እሰማለሁ፣ ጌታዬ» አልኩ። «ወፍራሙ ሰውዬ እርስዎ ነዎት አሉ። ሰዓት ያወጣል እንጂ ማንበብ አይችልም አሉ። ባለ ነጭ ባርኔጣው ደግሞ የእርስዎ ቀላድ ጣይ ነው፣ ሌባው እሱ ነው አሉ።»

የኦቦ ዲንሳ እጅ ቆመ። ማሽኑ ሲቆም ፊልሙ አምፖሉ ፊት ይቆማል፤ አምፖሉ ደግሞ እሳት ነው። አቡጀዲው ላይ ባለ ነጭ ባርኔጣው ሽጉጡን እንደ ደገነ ቀጥ አለ፤ ደረቱ ላይ ቡናማ ነጥብ ታየ፣ ነጥቧ ሰፋች፣ ፊቱን በላችው፤ ከዚያ ግድግዳው ነጭ ብርሃን ብቻ ሆነ፣ ቤቱም በሚያቃጥል ጭስ ተሞላ። ኦቦ ዲንሳ የሚነደውን ፊልም በባዶ እጃቸው በጥሰው ጣሉና ረገጡት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው ቁጣ አልነበረበትም። እንዲያ ባይሆን ይሻለኝ ነበር።

ፊታውራሪው ራሴን ዳበሱኝ። «ጎበዝ! የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባቴን ስም በኩራት ነገርኳቸው።

ሰኞ ጠዋት የኦቦ ዲንሳ ዕቃ ግቢው ውስጥ ፈስሶ ነበር። አንድ አህያ የማይሞላ ዕቃ ነው። ማሽኑና ጥቅሎቹ እንዲቀሩ ታዘዘ። ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ስለነበር ጭነቱን ያሰረችው ለሊሴ ናት። አጥራችን ሥር ቆሜ ሳይ ቀና አለችና በአማርኛ፣ ከእኔ ጋር በማትነጋገርበት ቋንቋ፣ «ሁለቴ ትስቂ የነበረው ለዚህ ነው?» አለችኝ። አህያውን ነድተው ወደ አዲስ አበባ መንገድ ወጡ።

በዚያው ሳምንት ፊታውራሪው ለአባቴ በግ ላኩለት። አባቴ በጉን አየ፣ እኔን አየ፤ አረደው። በላነው። እኔም በላሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ፊልሙ ይታይ፣ እኔም ጽሑፉን በትክክል እያነበብኩ ለሕዝቡ ላስረዳ ተባለ። ዘበኛው አዞረ። የተረፈው ፊልም አጭር ነበር፤ ጽሑፉም ያው ጥቂት ነው። «ደረስን» አልኩ። «ሌባው ወዴት ነው?» አልኩ። «ፈረሴን አምጣ» አልኩ። አንድም ሰው አልሣቀ። ጆንያው ላይ የተቀመጡት ሰዎች አቡጀዲውን ሳይሆን ጀርባዬን ያዩ ነበር። አምፖሉ ሲጠፋ አንዲት አሮጊት፣ «ይኸው ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ይኸው ነው፣ እማማ» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣም። ማሽኑ ጓዳ ተወርውሮ ዶሮ ሰፈረበት።

ሰባት ዓመት አለፈ። አዲስ አበባ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ሄድን፤ ገበያው ውስጥ ስናልፍ የድርቆሽ ክምር ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አይተውኝ ፊታቸው በራ።

«ኢንተላ ኮ! አካም ጅርታ?» አሉኝ፤ እንደምን አለሽ ማለታቸው ነው።

ቀኝ እጃቸው ላይ ሁለቱ ጣቶች ተጣብቀው ጠባሳ ሆነዋል። ወዲያው ዐወቅኋቸው። ጓደኞቼ፣ «እንዴ፣ ታውቂያቸዋለሽ? ምንድን ነው የሚሉሽ?» እያሉ ይስቃሉ።

«ኧረ አላውቃቸውም» አልኩ። «ቋንቋውንም አልሰማም።»

በአማርኛ ነው ያልኩት፤ ኦቦ ዲንሳ ደግሞ አማርኛ ያውቃሉ። ከዚያ ለጓደኞቼ በዚያ በታረመው አማርኛቸው፣ «ተሳስቼ ነው፣ ልጆቼ። እንግሊዝኛ የምታነብ አንዲት ልጅ ነበረች፤ እሷ መስላኝ ነው። ሂዱ፣ በደኅና ግቡ» አሉ። የዚያን ጊዜም ከኀፍረት ሊያድኑኝ ዋሹልኝ። በወፍጮ ቤቱ ስጠየቅ መዋሸት ያልቻልኩላቸው እኔ ነኝ፤ ሱሉልታ ላይ ሳልቸገር የዋሸሁትም እኔ ነኝ።

ዘመኑ ተለውጦ ቀላዱም ፊታውራሪውም ከቀሩ በኋላ ሱሉልታ ተመልሼ ጠየቅሁ። ሞተዋል አሉኝ። ለሊሴ ወዴት እንዳገባች የሚያውቅ አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ ድምፅ ያለው፣ ቀለም ያለው ብዙ ፊልም አይቻለሁ። ባለ ባርኔጣ ፈረሰኛ ባየሁ ቁጥር ግን ጆሮዬ ከኋላዬ ሌላ ድምፅ ይጠብቃል፤ ኢላላ የሚል። ልጆቼ፣ «እማዬ፣ ምን ወደ ኋላ ታያለሽ?» ይሉኛል። ምንም፣ እላቸዋለሁ። ኦሮምኛ እንደምሰማ አያውቁም።

እሳቸውን ይቅርታ የምጠይቅበት ቀን ሱሉልታ ገበያ ላይ አለፈኝ። ይህን ያነበባችሁ እናንተ፣ እባካችሁ፣ ይቅር በሉኝ።