የማንኪራው ሽማግሌ ደብተር

ፖለቲካን፣ ሕግንና ኢኮኖሚክስን አንድ ላይ የሚያስተምር የማስተርስ ትምህርት ላይ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ «የጫካው ቡና የማን ነው?» ብዬ ልጠይቅ ከቦንጋ ወደ ማንኪራ መንደር ሄድኩ። አማካሪዬ ሲሸኙኝ፣ «ገበሬውን የፈቃደኝነት ቅጽ ሳታስፈርም አንድም ጥያቄ እንዳትጠይቅ! ሥነ ምግባር ማለት እሱ ነው» ብለውኛል።

የመጀመሪያውን ገበሬ አስፈርሜ ማናገር ስጀምር አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ መጥተው አጠገባችን ተቀመጡና ደብተር አወጡ። እኔ ስጠይቅ ይጽፋሉ፤ ገበሬው ሲመልስ ዝም ብለው ጫካውን ያያሉ። ሁለተኛው ቤት ስሄድ ተከተሉኝ፤ ሦስተኛውም ቤት እንደዚያው። የእኔን ጥያቄ ብቻ የሚመዘግብ ሰው ምን ሊሆን ነው? የመሬቱን ነገር ቶሎ ትቼ ስለ ንብ ቀፎ መጠየቅ ጀመርኩ። እሱንም ጻፉት!

በመጨረሻ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ለመሆኑ ማን ልኮዎት ነው?»

«መንደሩ ነዋ!» አሉ ሳይደነግጡ። «ተማሪው ሁሉ እኛን አስፈርሞ ይሄዳል። ‹የጻፍኩትን አምጥቼ አነብላችኋለሁ› ይላል፤ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ እኛም የጠየቀውን እየመዘገብን ማስፈረም ጀመርን።»

ደብተሩን ገልጠው እስክሪብቶ አቀበሉኝ። ቃል የገቡት ሰዎች ስምና ፊርማ ተደርድሯል። እፎይ ብዬ ልፈርም ስል ዓይኔ የመጀመሪያው ስም ላይ ቀረ።

«እኚህስ አመጡላችሁ?»

«እስከ ዛሬ እየጠበቅናቸው ነው። ታውቃቸዋለህ?»

አማካሪዬ ነበሩ።