ኸይራት ያለቀሰችበት ሰርግ

የሞጣዋን ጨርቅ ነጋዴ ኸይራትን ስትሮጥ እንጂ ስትሄድ ያየ ሰው የለም። ቁርሷን በቁሟ ትጎርሳለች፣ ሻይዋን ሳይበርድ ትጨልጣለች፣ ሰላምታዋን ከፊሉን ደጅ ላይ ከፊሉን መንገድ ላይ ትጨርሳለች። ከሞጣ ገበያ ስትነሳ ቢቸና፣ ከቢቸና ስትመለስ ደግሞ የገጠሩ ገበያ ይጠብቃታል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግፊቷን ለክታ፣ "እትዬ፣ ትንሽ ረገብ ይበሉ እንጂ" ብትላት፣ "እሺ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ" ብላ መድኃኒቱን ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ ወጣች። ማረፍንም በቀጠሮ ያዘችው ማለት ነው።

ቢቸና ላይ እንደ እህት የምታያት ሴት አለች፤ ይርጋነሽ። ልጃገረዶች ሳሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ክር ይሸጡ ነበር። ኸይራት የመጀመሪያ ልጇ ምጥ ገበያ ላይ ቢያጣድፋት፣ የተገላገለችው ይርጋነሽ ቤት፣ ይርጋነሽ እጇን ይዛት ነው። ይርጋነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአማቷ ከእማማ ወለተ ሐናና ከአንድ ልጇ ከሰሎሜ ጋር ትኖራለች። አማቷ ባለፈው ክረምት አልጋ ይዘው ነበር፤ ኸይራት ጋ የደረሰው የመጨረሻ ወሬ ይኸው ነው። ይርጋነሽ በደወለች ቁጥር፣ "ገበያተኛ ይዣለሁ እህቴ፣ እደውልልሻለሁ" ትላታለች። አትደውልም። ክፋት ኖሮባት አይደለም፤ ቀኑ ከእጇ እያመለጠ ነው የሚመሽባት።

በጥር ወር ይርጋነሽ እንደገና ደወለች። ኸይራት ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ወትፋ ጨርቅ እየለካች ነበር።

"ኸይራት፣ የፊታችን ቅዳሜ ቤቴ ነይ። እንዳትቀሪ።"

"እሺ፣ መጣሁ።"

"በጊዜ ነይ እኮ።"

"መጣሁ አልኩሽ እቱ! በይ ቻው።"

ለምን ብላ አልጠየቀችም።

ቅዳሜ ቢቸና ገበያዋን ስታጋምስ ዕቃዋን ለጎረቤት ነጋዴ አደራ ሰጥታ ባጃጅ ተሳፈረች። ይርጋነሽ ደጅ ስትደርስ ድንኳን ተተክሏል። ክው አለች። "ወይ እማማ! ለካ ለዚህ ነው ነይ ያለችኝ!" በጥር ድንኳን ያየ ሰው ሁሉ የሚያስበውን ብታስብ ምን ነበረበት! ነገር ግን የእድሩ ድንኳን ለሰርግም ለለቅሶም ያው አንድ ነው፤ ኸይራት ደግሞ የትኛው ወር ላይ እንዳለች ማሰብ ከተወች ሰንብታለች። መብራት ስለጠፋ ዘፈን አይሰማም። ብቅ ብላ ስታይ ሴቶቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ የሁሉም ዓይን እንባ አቅርሯል። ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ሽንኩርቱን ግን ማን አይቶት! ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደረቷን እየመታች ገባች።

"እማማ ወለተ ሐና! እናቴ! ሳልጠይቅዎት ሄዱብኝ!"

ቢላዋው ሁሉ ቆመ። ከድንኳኑ ጥግ አንዲት አሮጊት ከጋቢያቸው ውስጥ ቀና አሉ።

"የት ሄድኩ?" አሉ እማማ ወለተ ሐና።

መጀመሪያ አንዷ ሴት ፈነዳች፣ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ በሳቅ ተናጋ። አሮጊቷም፣ "ነይ እስቲ ልጄ፣ ለቅሶዬን በጆሮዬ ሰማሁት። ደግሞ ታውቂበታለሽ" ብለው እጇን ሳቧት። ኸይራት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሰሎሜ እንሶስላ የሞቁ እጆቿን አፏ ላይ ጭና በር ላይ ቆማለች።

ይርጋነሽ ግን አልሳቀችም። ኸይራትን ወደ ጓሮ ይዛት ሄደች።

"ነገ ሰሎሜን ልድር ነው" አለቻት። "የልጄን ሰርግ ገበያ መሃል በስልክ መንገር አልሆንልሽ አለኝ፤ ስትመጪ ቁጭ ብለን ላጫውትሽ ነበር። ነይ ስልሽ ለምን ብለሽ እንኳ አልጠየቅሽኝም።"

"ይርጋዬ..."

"ሰይድን ለምኜ በግ አሳርጄልሻለሁ። ወጡም እሱ ቤት ነው የተሠራው። ሂጂ ብዪ።"

ሰይድ ሙስሊም ጎረቤቷ ነው። ኸይራት እዚያ ቤት ገበታው ፊት ተቀመጠች፤ እንጀራውን ቆርሳ ግን መልሳ አኖረችው። ከዚያ ሁሉ የድግስ ግርግር መሃል ለእሷ የሚሆን ድስት ያሰበችላትን ሴት ነው ያዋረደቻት። ከልቧ አፈረች።

ሰርጉን ውላ ሞጣ ስትገባ ለባሏ ለአብዱልሐኪም ነገረችው። ሳቁን ሊውጥ ታገለ፣ አቃተው።

"ቀድመሽ ያለቀስሽው ጊዜ ለመቆጠብ ይሆናል" አላት።

እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ወደ እንባ ዞረ።

"ይርጋነሽን አጣኋት" አለች።

"ገና ነው። በሩጫ ግን አታገኚያትም" አላት አብዱልሐኪም።

በሚቀጥለው ገበያ የክት ቀሚስ የሚሆን ምርጥ ጨርቅ ለሰሎሜ ይዛ ሄደች። ይርጋነሽ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ተቀበለቻት፣ ጨርቁን መደርደሪያ ላይ አኖረችው፣ ከዚያም ስለ ብርዱ አወራቻት። እንግዳን ነው እንዲህ የሚያወሩት። ኸይራት ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣችና መንገድ ላይ የሠራችው ነገር ገባት። ስጦታውን ወርውራ ልትገላገል ነበር የሄደችው።

ከዚያ በኋላ የገጠሩን ገበያ ለባሏ እህት ለሳቢራ ለቀቀችላት። ቢቸናም እኩለ ቀን ሲሆን ዕቃዋን ትሰበስብና ባዶ እጇን፣ በእግሯ፣ ይርጋነሽ ቤት ትሄዳለች። መጀመሪያ የሄደች ቀን ይርጋነሽ በርበሬ ስትቀነጥስ አገኘቻት። ኸይራትም አጠገቧ ተቀምጣ ትቀነጥስ ጀመር፤ እጇ እንደ ልማዷ ይከንፋል።

"ማን እያባረረሽ ነው?" አለቻት ይርጋነሽ። "ዘሩን በተንሽው እኮ።"

ኸይራት እጇን አዘገየች። ዘግይቶ መሥራት እንደዚያ ይከብዳል ብላ አስባ አታውቅም፤ ጀርባዋ ሁሉ ተነሺ ተነሺ ይላታል። ቢሆንም አልተነሳችም። በየሳምንቱ እየመጣች አንዴ በርበሬ፣ አንዴ ነጭ ሽንኩርት ይዛ ትቀመጣለች። እማማ ወለተ ሐና ከመደባቸው ሆነው "አልቃሻዬ መጣች?" እያሉ ያሾፉባታል። ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር፣ ነርሷም ግፊትዎ ወርዷል አለቻት። መድኃኒቱንም ከቦርሳው አውጥታ መዋጥ ጀምራለች፤ ምስጋናውን በርበሬው ብቻውን እንዳይወስደው።

ይርጋነሽ ግን ጨዋታዋ ስለ ሰውና ስለ ዝናብ ብቻ ነበር። ስለ ራሷ አንድ ነገር አትናገርም።

አንድ ቅዳሜ ግን አጎንብሳ እየቀነጠሰች፣ "አምና በረመዳን ደጋግሜ የደወልኩልሽ ቀን ትዝ ይልሻል?" አለቻት።

ኸይራት አሰበች። ትዝ አላላትም፣ እንደማይላትም ሁለቱም ያውቃሉ።

"ጡቴ ላይ እብጠት ወጥቶብኝ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረኝ" አለች ይርጋነሽ። "አወጡትና ክፉ አይደለም አሉኝ። ደህና ነኝ አሁን።"

"ማንን ይዘሽ ሄድሽ?"

"ማንንም። ሰሎሜ እንዳትደነግጥ ደበቅኳት። አንቺን ልይዝ ነበር የደወልኩት።"

ኸይራት እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ የተቀመጠችበትን ዱካ ወደ ይርጋነሽ አስጠጋች።

"ከቤት ከወጣሽበት ጀምረሽ ንገሪኝ" አለቻት።

ይርጋነሽ ቀና ብላ አየቻት። ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደችና፣ የዚያን ዕለት ጠዋት ምን ለብሳ እንደወጣች ከመንገር ጀመረች።