ንብ ያልነካው ሰም

የመርሳዋ ብዙነሽ ሰው ታምናለች፤ ሰም ግን አታምንም። ከእናቷ የወረሰችው ሙያ ጧፍ መሥራት ነው፤ መጠራጠርንም ያስተማራት ይኸው ሙያ ነው። ከጠጅ ላይ የሚገፈፈውን ሰፈፍ የሚያመጣላት ሁሉ አንድ ነገር ሳይቀላቅልበት አይቀርም፤ አንዱ ሞራ፣ ሌላው የፋብሪካ ሻማ አቅልጦ ይጨምርበታል። ስለዚህ ሳትገዛ በፊት ቆንጥራ ታኝካለች። ንጹሕ የንብ ሰም ጥርስ ይይዛል፤ የሻማው ይፈረፈራል፤ ሞራ ያለበት ምላስ ላይ ይሟልጫል። የወልድያ ነጋዴዎች ይህችን ሴት ዝም ካልናት ሰፈፉን በልታ ትጨርስብናለች እያሉ ይቀልዱባታል።

ጦርነቱ ሲመጣ ጠጅ ቤቶቹ ተዘጉ፤ ጠጅ ካልተጣለ ደግሞ ሰፈፍ የለም። መብራቱም ጠፋ፤ በእጇ የነበረውን ጧፍ ጎረቤቱ ለየቤቱ ወስዶ ጨረሰው። ልጇ ፍፁም በሐራ ከተማ በኩል ወጥቶ የቀረውም ያኔ ነው። መርዶውን ያመጡት ሰዎች እዚያው እንደተቀበረ ነገሯት፤ የትኛው ቦታ እንደሆነ ግን እርስ በርሳቸውም አልተስማሙ። ጦሩ ወጥቶ መንገዱ ሲከፈት የልጁ አርባ ተቃርቦ ነበር። ብዙነሽ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለፍትሐቱ በቤተ ክርስቲያን የሚበራ፣ በገዛ እጇ የሠራችው ጧፍ። የምታለቅስበት መቃብር የላትም፤ ይህንንም ማጣት አልፈለገችም።

በዚህ መካከል ተፈናቅላ የቆየችው ጎረቤቷ ዓቢዳ ከወልድያ ተመለሰች። እዚያ የርዳታ ሠራተኞች ለሴቶች የሻማ ሥራ ያስተምሩ ነበርና በፌስታል ነጭ ፍርፋሪ ይዛ መጣች። ከአኩሪ አተር ዘይት የተሠራ ሰም ነው፣ ለፍፁም አርባ ይሁንሽ ብዬ ነው አለቻት።

ብዙነሽ አመስግና ተቀበለች፤ ዓቢዳ ወጥታ ስትሄድ ግን ፌስታሉን ከፍታ አሸተተችው። ምንም አይሸትም። አኩሪ አተርን ታውቀዋለች፤ በሲሪንቃ የምርምር ማሳ ጥግ ስታልፍ አይታዋለች። ዘይት ይወጣዋል ቢሏት ታምናለች። ሰም ግን? ደግሞስ በዚህ ክፉ ጊዜ ሰም በነጻ የሚያድል ማን ነው? ቆንጥራ ብታኝከው ምላሷ ላይ ሟለጨ። ሞራ ነው። ሞራስ ከሆነ የምን ከብት፣ ማንስ ያረደው? ይህን ለልጇ ነፍስ ልታበራው ነው?

አቀለጠችው። የንብ ሰም ሰው ያስጠብቃል፤ ይህ ቶሎ ውሃ ሆነ። ፈትሉን ነክራ ጣውላ ላይ ስታድበለብለው ደግሞ እንደ ቅቤ መዳፏ ላይ ቀረ። እንደምንም የቆመላትም ጧፍ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ጎበጠ። ቁራሹን ለድመቷ ጣለችላት፤ ድመቷ አሽትታ ትታው ሄደች። ብዙነሽ ይህንንም አላመነችም። ጠግባ ይሆናል አለች፤ ጠግባ አድራ የማታውቀውን ድመት።

በማግስቱ ዓቢዳ ቤት ሄደች። በቀጥታ አልጠየቀቻትም። ስለ ገበያው አነሳች፣ ስለ መንገዱ አነሳች፣ በመጨረሻ ያ ሰም ሲሠራ በዓይንሽ አይተሻል ወይ አለቻት።

«ሞራ መስሎሽ ነው» አለች ዓቢዳ።

«እንዲህ አላልኩም።»

«አፍሽ ባይለው ዓይንሽ ብሎታል።» ዓቢዳ ከገበታው አጠገብ ያለ የሻይ ብርጭቆ አሳየቻት፤ ነጩ ሰም እስከ ግማሹ ነዶበታል። «እኔስ ብሆን የማን እጅ እንዳረደው የማላውቀውን ሞራ ከምበላበት አጠገብ አበራዋለሁ? ወላሂ፣ አሠልጣኟን በጥያቄ አሰልችቻታለሁ። ኋላማ ‹እማማ፣ ከፈለጉ ልብላልዎት› አለችኝ። በላችውም።»

ብዙነሽ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ይህ ሰም ለብቻው እንደማይቆም፣ ብርጭቆ ውስጥ ሲፈስ ግን ሳይጨስ ብዙ እንደሚቆይ ዓቢዳ አስረዳቻት። ብዙነሽ ግን የሚበራበትን ቦታ አሰበች። ቄሰ ገበዙን ሀብቴን ሄዳ ጠየቀቻቸው። አኩሪ አተር መሆኑን እንደማይጠሉት፣ ለቤት መልካም እንደሆነ፣ መቅደስ የሚገባው ግን ንብ የሠራችው ብቻ እንደሆነ በለሆሳስ ነገሯት።

ቤቷ ገብታ የድሮውን ማቅለጫ ድስት ከሥር ፋቀች፤ የጣውላውን ስንጥቅ በቢላ ጫረች። ተጠራቅሞ ለአንዲት አጭር ጧፍ የሚበቃ ቢጫ ሰም ወጣላት። ከነጩ ትንሽ ጣል ብታደርግበት እንደ ሌላው ጧፍ ይረዝምላት ነበር፤ ማንም አያውቅባትም። እጇን ወደ ፌስታሉ ሰደደች። በገበያ መካከል ቀላቅላችኋል ብላ ያዋረደቻቸው ሰዎች ፊታቸው መጣባት። ፌስታሉን ቋጥራ አስቀመጠችው።

በአርባው ቀን ሀብቴ ጧፉን ተቀብለው አሸተቱት፤ በጥፍራቸውም ጫር አደረጉት። ብዙነሽ አልተቀየመችም፤ እሷም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር።

«ንጹሕ ነው» አሉ። «ግን አጥሯል፤ ፍትሐቱ ሳያልቅ ያልቃል።»

«ዕድሜውም አጭር ነበር፣ አባቴ።»

ሀብቴ አብርተው ተከሉት። ጸሎቱ መካከል ሲደርስ ጧፉ ጠፋ። ብዙነሽ የቀረውን ፍትሐት እንደቆመች ሰማች።