ግጥሞቼ ላይቭ የወጡበት ሳምንት

የምሠራበት የቡና ገበሬዎች ማኅበር ሁለት የኮምፒውተር ሲስተም አለው። አንደኛው «ላይቭ» ይባላል፤ በደካ፣ በሺሺንዳና በቢታ ገነት ያሉ መዛኞቻችን ገበሬው ያመጣውን ቡና የሚመዘግቡበት ነው። ሁለተኛው «ቴስት» ይባላል፤ መልኩ ከላይቭ አይለይም፣ ውስጡ ያለው ቡና ግን ሁሉም የውሸት ነው። አዲስ ነገር ቴስት ላይ ይሠራል፣ ይሞከራል፣ ከዚያ በፓኬጅ ታስሮ ወደ ላይቭ ይሻገራል። ሲስተሙን የተከሉት የአዲስ አበባ ሰዎች ከቦንጋ ሲመለሱ ይህን ሥራ ለእኔ አስረከቡኝ። አንድ ምክርም ጣል አደረጉልኝ፦ «ፓኬጁ ውስጥ የነካኸውን ብቻ ምረጥ። ‹ሁሉንም› የሚለውን እንዳትነካ።»

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሥራ አስኪያጁ የቋሚነት ደብዳቤዬን ከፈረመ እቆያለሁ፤ ካልፈረመ የተከራየኋትን ክፍል ለቅቄ ወደ አባቴ ቤት ነው። አባቴ ደግሞ ግጥም መጻፍን ከሥራ ፈትነት ለይቶ አያይም።

የተሰጠኝ ሥራ ከባድ አልነበረም። መዛኝ ሲሳሳት ሲስተሙ በቀይ ጽሑፍ ያስጠነቅቃል፤ ጽሑፉ ግን በእንግሊዝኛ ስለነበር የሚያነበው የለም። ለእኔ ይደወላል። ከሁሉም አብልጠው የሚደውሉት የደካዋ መዛኝ ናቸው፤ ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ሚዛኑን ለማንም ያላስነኩ ትልቅ ሴት።

«አንተ ልጅ፣ ቀዩ ወጣ።»

«ምን ይላል፣ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ። ቀይ ነው።»

ስለዚህ ማስጠንቀቂያዎቹን በአማርኛ ጻፍ ተባልኩ። መጻፉን ትቼ ስለ መጻፉ ሳስብ፣ ቴስት ላይ ያለው፣ ማስጠንቀቂያው የሚጻፍበት ባዶ ሣጥን ዓይኔን ይቆረቁረው ጀመር። ቴስት ላይ ከእኔ በቀር የሚገባ ሰው የለም። ክብደቱን ዜሮ ብሎ ለሚጽፍ እንዲህ አልኩት፦

ባዶ ጆንያ ይዞ ሚዛን ላይ የሚወጣ፣
ራሱን ይመዝን ቡናው እስኪመጣ።

ርጥበቱን ሳይሞላ ለሚያልፍ ደግሞ፦

እርጥቡን ሳይለኩ ቸኩለው ቢያስገቡ፣
ሻጋታ ነው ኋላ ከጆንያ የሚያልቡ።

እንዲህ እያልኩ ሣጥኖቹን ሁሉ ሞላኋቸው። ከዚያ ራሴ እሳሳታለሁ፣ ራሴ አነባለሁ፣ ራሴ እስቃለሁ። ቴሌግራም ላይ ግጥሜን የሚከታተሉት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ ሁለቱ ወንድሞቼ ናቸው።

ማክሰኞ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ አንዲት ትንሽ ነገር አዘዘኝ፦ ደረሰኙ ላይ የገበሬው ቀበሌ ይውጣ። ቴስት ላይ ሠራሁት፣ ሞከርኩት። ላሻግረው ስል ሰማዩ ጠቆረ። እኛ ጋ ዝናብ ከመጣ ኔትዎርክ ይሄዳል። ፓኬጁ ደግሞ እያንዳንዷን ነገር ምረጥ ይለኛል፤ ዝርዝሩ እንደ ቢታ ገነት መንገድ አያልቅም። ነጎድጓዱ ሲቀርብ «ሁሉንም» የሚለውን ነካሁት። ተሻገረ። ጃኬቴን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

በማግስቱ ስልኬ አልጮኸም። እስከ ረፋድ ድረስ ኔትዎርክ የለም ብዬ ነበር። ከዚያ የሺሺንዳው መዛኝ፣ እኩያዬ፣ ደወለ። ከኋላው የሰው ሳቅ ይሰማል።

«ስማ፣ ዜሮ ስጽፍ የሚወጣው ያንተ ነው?»

ላይቭን ስከፍት ግጥሞቼ ሁሉ ከ«ሁሉንም» ጋር ተሻግረዋል።

«ወረፋው ሁሉ ድገመው እያለኝ ነው» አለ። «ስድስት ጊዜ ዜሮ ጻፍኩ። ለነገ ሌላ አለህ?»

ወዲያው ማጥፋት ነበረብኝ። ሰው ቢጠይቀኝ የምለው ነገር አላጣሁም፦ ከማሻገሬ በፊት የላይቩን ቅጂ ስላላስቀመጥኩ የምመልሰው የለኝም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ደረቅ አማርኛ ጽፎ ለመተካት አንድ ከሰዓት ይበቃል። ያልተካሁት «ለነገ ሌላ አለህ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው በሕይወቴ አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ነው። ሁለት ቀን ተውኩት።

ዓርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ከመናገሩ በፊት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት የሚያስተካክል ሰው ነው። ላይቭ የሚመዘግበውን የስህተት ዝርዝር አሳትሞታል። ድሮ ግማሽ ገጽ የማይሞላው፣ አሁን ስቴፕለር አልበሳው ብሎ በገመድ ታስሯል።

«ሲስተሙ ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ስህተት ከየት መጣ?»

«ሰዎቹ እያወቁ ነው የሚሳሳቱት።»

«ለምን ሲሉ?»

ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ቆሜ ግጥሙን አነበብኩለት። «ድገመው» አላለኝም። ስልኩን አንሥቶ ወደ ደካ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ሲስተሙ እንዴት ነው?» አላቸው።

«ሲስተሙ ደህና ነው» አሉ እትዬ። «የተበላሸው የሺሺንዳው ልጅ ነው።»

«ግጥሞቹን አይተዋል?»

«አይቻለሁ። በካፊኖኖ ቋንቋ ገልብጬ ለገበሬው ነግሬዋለሁ። የዜሮው ጥሩ ነው፣ ሰው ስቋል። የርጥበቱ አይረባም።»

አፌን መያዝ አልቻልኩም። «ለምን፣ እትዬ?»

«አንተም አለህ? ከጆንያ ማን ያልባል? ደግሞ ምን ልሙላ? እርጥብ ቡና ይላል እንጂ፣ የርጥበቱ ቁጥር ጎድሏል አይልም። እሱን ስፈልግ ወረፋው ቆመ፣ ዝናቡ መጣ። የአንድ ሽማግሌ ቡና ደርቆ መጥቶ ደጄ ላይ ራሰ። መልሰው ተሸክመው ፀሐይ ላይ ሊያሰጡት ሄዱ።»

ሥራ አስኪያጁ አየኝ።

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ይጽፉ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው።

«‹ርጥበቱ አልተጻፈም። ለክተው ይጻፉ።› ሌላ ምን አለው?»

ጻፈው። ስልኩን ዘጋ። «ዛሬ ሁሉንም ተካ» አለኝ። «ከእንግዲህ እሳቸው ቴስት ላይ ሳያዩት አንድ ቃል ወደ ላይቭ አይሻገርም። በዚህ ከተስማማህ ደብዳቤውን እፈርማለሁ።»

ተስማማሁ። ማስጠንቀቂያዎቹን በደረቅ አማርኛ ጽፌ ለእትዬ የቴስት መግቢያ ከፈትኩላቸው፤ አይተው «ይሁን» አሉ። ከሰዓት መጀመሪያ የላይቩን ቅጂ አስቀመጥኩ። ከዚያ ዝርዝሩን አንድ በአንድ መረጥኩ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ኔትዎርኩ ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ፣ እኔም ሁለት ጊዜ እንደገና ጀመርኩ። ሰኞ የስህተቱ ዝርዝር ወደ ግማሽ ገጹ ተመለሰ፣ ደብዳቤዬም ወጣ። የሺሺንዳው ልጅ ለአንድ ሳምንት አኮረፈኝ። ሽማግሌውም ቡናቸውን አድርቀው መልሰው እንዳመጡት እትዬ ነገሩኝ፤ ይቅርታዬን እንዲያደርሱልኝ ብለምናቸው፣ «ለራሳቸው መጥተህ ንገራቸው» አሉ። ሄድኩ።

እትዬ አሁን ቴስት ላይ ይገባሉ። አንዲት አዲስ ማስጠንቀቂያ ጽፌ አስቀመጥኩ። ደወሉ።

«ረዝሟል።»

ቆረጥኩት። ደወሉ።

«አሁንም ረዝሟል።»

እንደገና ቆረጥኩት። በሦስተኛው፣ «ቅድም ‹እባክዎ› ብለህ ነበር፣ እሷን ለምን አጠፋሃት? መልሳት» አሉኝ።

መለስኳት። ከእሳቸው በፊት የጻፍኩትን ሦስት ጊዜ ያነበበልኝ ሰው አልነበረም።