ወንበሬን ያስወሰደኝ በረኛ

ዛሬ ቡራዩ ውስጥ ኳስ በምናይበት ቤት የፊት ወንበሬን ተነጠቅሁ። ያስነጠቀኝ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው በረኛ ነው።

እረፍት ሰዓት ላይ «እንግሊዝ አገር ጥቁር ተጫዋች ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በአባቶቻችን ዘመን ነው» ብዬ ደሰኮርኩ። ማንም ስላልጠየቀኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

ከኋላ አግዳሚ ላይ ኦቦ ቶሎሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድሮ ሰበታ ውስጥ ለአንድ ፋብሪካ ቡድን በረኛ ነበሩ።

«ልጄ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ጋና የተወለደ በረኛ ነበር። ሯጭም ነበር።»

«ኦቦ፣ ዛሬስ ተሳስተዋል። ከረቱኝ ወንበሬን ይውሰዱ።»

ቤቱ ሙሉ ስልኩን አወጣ። ከነፎቶው ተገኘ፤ ሪዙን ያሳመረ ጥቁር በረኛ አፍጥጦ አየኝ።

ኦቦ አልሳቁብኝም። «የሚወራው ጎል ስላገባው ሰው ነው፤ በረኛን ማን ያስታውሳል» አሉና ወንበሬ ላይ ተደላደሉ።

ሁለተኛውን አጋማሽ ከኋላቸው ሆኜ አየሁ። ሰፊው ባርኔጣቸው የቴሌቪዥኑን አንድ ጥግ ይጋርዳል። አጥቂውም ኳሱም ይታዩኛል፤ በረኛው ብቻ አይታየኝም።

እናንተስ እርግጠኛ ሆናችሁ ተከራክራችሁ ምን አጣችሁ? ጻፉልኝ፤ ከኋላ አግዳሚ ላይ ሆኜ አነባለሁ።