በሰው ጫማ የሮጥኩበት ክረምት

አሰላ ላይ ፀሐይ ትዘገያለች። ጭላሎ ከፊቷ ይቆምባታል። እኛ ሯጮቹ ግን አንጠብቃትም ነበር። ጉሙ ከባህር ዛፎቹ ሥር ሳይነሳ ተሰልፈን ጫካው ውስጥ እንገባለን።

እንዴት እንደምንሮጥ መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ አለዚያ የኋላው አይገባችሁም። ከፊት አንዲት ትመራለች። ሌሎቻችን አንዳችን ካንዳችን ኋላ ነን። መሪዋ በዛፍና በዛፍ መሃል እየተጠማዘዘች መንገድ ታወጣለች፤ ተከታይ ቀና ብላ አታይም። የምታየው ከፊቷ ያለውን ተረከዝ ብቻ ነው። እሱ ሲነሳ ያንቺም ይነሳል፣ ሲያርፍ ያርፋል። አሰልጣኛችን ከዳር ቆሞ የሚጮኸው አንድ ነገር ነበር፦ «እግር ተከተዪ!» እግሩ ከሌላው ጋር የገጠመ ሰው አይደክመውም እንላለን፤ ድካሙን ሰልፉ ይካፈለዋል።

እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ የአንዲት ልጅ ተረከዝ ሳይ ኖርኩ። ከፊቷ ይልቅ ተረከዟን አውቀዋለሁ ብል ውሸት አይደለም። መሪያችን እሷ ነበረች። ግራ እግሯን ስታሳርፍ ትንሽ ወደ ውጭ ትጥለዋለች፤ አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ ነጠላዋን ስታስተካክል የሚታይ ዓይነት ነገር ነበረው፣ ቀለል ያለ፣ የሚያምር። ውድድር ስታሸንፍ ደግሞ የባሰ አማረን። ማንም ሳይነግረን፣ ከኋላዋ ያለነው ስምንት ሴቶች ግራ እግራችንን ወደ ውጭ መጣል ጀመርን።

አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ክለብ ሲወስዳት ያሸነፈችበትን ጫማ ለእኔ ሰጠችኝ። በእኛ ዘንድ የቀናው ሰው ጫማ አይጣልም፣ ይወረሳል። «ይቅናሽ» ብላ በሁለት እጇ አቀበለችኝ፤ እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። በአንድ ቁጥር ይበልጠኝ ስለነበር ሁለት ካልሲ ደርቤ አደረግሁት። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ የአርቦዬ ልጅ ናት፣ ምላሷ ከእግሯ የሚፈጥን። ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየችና፣

«ጫማው መንገዱን ያውቀዋል፤ አንቺ ቀስ ብለሽ ድረሺ» አለችኝ።

ሕመሙ የመጣው ነሐሴ ላይ ነው። መጀመሪያ ሕመም አልነበረም፤ ጠጠር ነበር። ቆሜ ጫማዬን አወልቅና አራግፈዋለሁ። ምንም የለም። አስሬ ስነሳ ጠጠሯ ተመልሳ ግራ እግሬ ሥር ትገባለች። ማታ ማታ በሞቀ የጨው ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ጠዋት ላስቲክ ጠምጥሜ እወጣለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ክለባችን በየዓመቱ ከገና በፊት ማጣሪያ አለው፤ ያለፈች ትቆያለች፣ የወደቀች ሻንጣዋን ትሸክፋለች። እኔ ደግሞ ለዚህ ሩጫ ስል ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ከትውልድ ከተማዬ ከጮሌ የወጣሁ ነኝ። በማይሮጥ እግር ተመልሼ ምን እላለሁ?

መስከረም ላይ ዳገት ስንሠራ ነው የሆነው። ዝናቡ አባርቶ፣ ከታች በምዕራብ በኩል የዝዋይ ሐይቅ እንደ ተከደነ መስታወት በጭጋግ ውስጥ ይታይ ነበር። ዓይኔ እሱ ላይ እያለ እግሬ ውስጥ ቀጭ አለ። የደረቀ የገብስ አገዳ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀምጫለሁ፤ የሌሎቹ እግር ኮቴ ዳገቱን እያለፈ ሲርቅ እሰማለሁ።

ጓደኛዬ በባጃጅ፣ ቀጥሎም በሚኒባስ ሁሩታ ያሉ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከቤታቸው ጀርባ በቦይ የሚጠጣ የሽንኩርት መደብ አላቸው፣ እጃቸውን ከአፈሩ አጥበው መጡ።

«ምን ሆንሽ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ወለም ብሎኝ ነው አባባ። ቢያሹልኝ ለማክሰኞ ልምምድ እደርሳለሁ።»

«ማክሰኞ!» ብለው ሳቁ። «ማክሰኞማ ይመጣል። አንቺ ነሽ የማትመጪው።»

እግሬን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ ሄዱ። ቁርጭምጭሚቴን አለፉ፣ ውስጥ እግሬን አለፉ፣ ከዚያ ከጣቶቼ ከፍ ብሎ አንዲት ቦታ ላይ ሲደርሱ ጮህኩ። ወዲያው እጃቸውን አነሱ።

«ወለምታ ቢሆን በየቦታው ያምሽ ነበር። ያንቺ ሕመም ግን እዚች ጣቴ ሥር ገብቶ ያልቃል። አጥንት ነው፣ ደክሞታል። የደከመ አጥንት አይታሽም። ሆስፒታል ሂጂና ራጅ ተነሺ።»

«አባባ» አለች ጓደኛዬ፣ «ሌላ ወጌሻ ቢሆን እኮ እያስጮሃት ያሽልን ነበር!»

«ለማስጮኹማ እኔ አንሳለሁ?» አሏት።

ልንወጣ ስንል በራፉ ላይ ያወለቅነውን ጫማ አዩ። ጎንበስ ብለው የግራውን አነሱና ሶሉን ገልብጠው አዩት፣ መልሰው ደግሞ እግሬን አዩ።

«ስንት ሆናችሁ ነው የመጣችሁት?»

«ሁለት ነን አባባ።»

«ታዲያ ይሄ ጫማ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አልኩ። ጫማውን አስቀመጡትና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። እኔም እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

ራጁ ላይ ስንጥቁ የፀጉር ክር ያህል ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትዕግሥት ያለው፤ አጥንት እንደ ጭቃ ቤት ነው አለኝ። በየቀኑ ይሰነጣጠቃል፣ በየቀኑ ራሱን ይመርጋል። ምርጊቱ ሳይደርቅ ደጋግመሽ ከደበደብሽው ግን ግድግዳው ይከፈታል። እስከ ጉልበቴ ጀሶ አሰሩልኝ፣ ክራንችም አዋሱኝ። ስድስት ሳምንት።

ያ ስድስት ሳምንት አሁን ሳስበው ሕልም ይሁን ኑሮ መለየት ያቅተኛል። ጓደኛዬ ጠዋት ስትወጣ በሩን ከፍታልኝ፣ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅላ ትሄዳለች። ጉሙ መንደሩን ሞልቶ ሰዉ ከወገቡ በላይ አይታይም፤ እግር ብቻ ነው የሚያልፈው። ተማሪዎች በሩጫ፣ ገበያ የምትሄድ ሴት ሸክሙ ተረከዟን ሲጫናት፣ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ከአራቱ ኮቴ አንዱን ሲያባብል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰውን በእግሩ ማወቅ ጀመርኩ። ማን ጉልበቱን እንደሚያመው፣ ማን አዲስ ጫማ እንዳደረገ፣ ማን ሊሄድበት ወደማይፈልገው ቦታ እንደሚሄድ። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ በሕልሜ ጭላሎ ላይ እሮጣለሁ፣ ከፊቴ ባለቤት የሌለው ተረከዝ አለ፣ እከተለዋለሁ፣ አይደክመኝም። ስነቃ ጀሶው ውስጥ ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ።

«ጀሶሽ ላይ ቲማቲም እንትከልበት» ትለኛለች ጓደኛዬ ስትመለስ፣ «እንዲያው ሥራ ፈቶ ከሚቀመጥ።»

ጫማው መስኮቱ ላይ ነበር። አንድ ከሰዓት፣ ብርሃኑ ከጎን ሲገባ፣ የግራው ወደ ውጭ አጋድሎ መቆሙን አየሁ። ሰው ውስጡ ቆሞ ያጋደለ ይመስላል። ያን ቀን ነው የወጌሻው ጥያቄ የገባኝ፤ ሶሉን የበላው የኔ እግር አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የጫማው ባለቤት፣ የድሮዋ መሪያችን፣ ልትጠይቀኝ መጣች። ብርቱካን ይዛ ነው፤ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ እየላጠች ታጎርሰኛለች። መስኮቱን ስታይ እጇ ቆመ።

«እስካሁን አለ?»

«የቀናው ሰው ጫማ አይጣልም፣ አይደል የምንለው?»

ብርቱካኑን አስቀመጠች። «እግሬን ወደ ውጭ የምጥለው ለምን ይመስልሻል?»

«አረማመድሽ ነዋ። ያምርብሻል።»

«አሞኝ ነበር እኮ። ሁለት ዓመት። ሕመሙን እንዳልረግጠው ነው የምሸሸው። ለማንም አልተናገርኩም።»

ውጭ የባጃጅ ጡሩንባ ይሰማል።

«ስምንታችንም ተከትለንሻል» አልኳት።

«አውቃለሁ። ከኋላዬ ኮቴያችሁን እሰማው ነበር፤ የኔን ማነከስ ይዞ ሲመጣ።» እንባዋ መጣ። «እንዴት ብዬ ልቁም? እኔ ከቆምኩ ሰልፉ ይቆማል።»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም። እኔስ በላስቲክ ጠምጥሜ ደብቄ አልሮጥኩም? የቀረውን ብርቱካን ተካፍለን በላን። ስትሄድ ጫማውን በፌስታል ይዛ ሄደች።

ጀሶው ሲቆረጥ የወጣው እግር የኔ አልመሰለኝም። ጓዳ ውስጥ የበቀለ የድንች ቡቃያ ይመስላል፣ ነጣ ያለ፣ ቀጭን። ሁሩታ ሄጄ ለወጌሻው አሳየኋቸው። የሽንኩርት መደባቸው ዳር ወሰዱኝ፤ ውሃ ጠጥቶ የተነሳ ለስላሳ አፈር ነው።

«በባዶ እግርሽ እስከ ዳር ሂጂና ዱካሽን ዞረሽ እዪ።»

ሄድኩ። ዞርኩ። የግራዬ ዱካ ወደ ውጭ ዞሯል። እንደገና ሄድኩ። ዞርኩ። በየሳምንቱ እየተመላለስኩ በራሴ እግር መርገጥ ተማርኩ፤ ሕፃን እንደሚማረው ነው፣ ያውም ሕፃን የሚረሳው የለውም። አንድ ቀን ሁለቱ ዱካዎች ጎን ለጎን፣ እኩል፣ አፈሩ ላይ ተቀምጠው አየሁ። «ይኼውና፣ ባለቤቷ መጣች» አሉ።

ማጣሪያው ደረሰ። ሐኪሙ ገና ነሽ ብሎኛል፤ ወጌሻውም አንገታቸውን ነቅንቀዋል። እኔ ግን ሄድኩ። ጮሌን እያሰብኩ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ዙር ደመና ላይ እንደ መሄድ ነበር። ጉሙ፣ የባህር ዛፉ ሽታ፣ ከፊቴ የለመድኩት ዓይነት ተረከዝ። እግሬ ሳላዘው ገጠመ። ሁለተኛው ዙር መሃል ላይ የግራ እግሬ ወደ ውጭ ሲሄድ ተሰማኝ። አልታመመም። የተከተለ ብቻ ነው። ከዚያ ጠጠሯ መጣች።

«እግር ተከተዪ!» ይላል አሰልጣኙ።

ከሰልፉ ወጣሁ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም፤ በእኛ ዘንድ ሰው እስኪወድቅ ይሮጣል እንጂ በእግሩ ቆሞ አይወጣም። አሰልጣኙ ወደኔ መጣ።

«ወደቅሽ?»

«አልወደቅሁም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ሆነሻል?»

«እንዳልወድቅ ነው።»

ትንሽ አየኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ዛሬ የወጣች፣ ወጣች ናት» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

ሰልፉ አለፈኝ፤ ኮቴው ከዛፎቹ ኋላ ሄዶ ሄዶ እንደሚያባራ ዝናብ ጠፋ። እኔ በመጣንበት መንገድ ተራመድኩ። እርጥቡ አፈር ላይ የሁላችንም ዱካ አለ፣ ግራው ሁሉ ወደ ውጭ የዞረ። አንዱ የኔ ነው፤ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ስሜ ከክለቡ ወጣ። ሻንጣዬን ስሸክፍ ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆማ፣

«የት ልትሄጂ ነው? ክራንቹን ማን ሊመልስልሽ ነው?» አለችኝ። «ደግሞስ ቲማቲሙ?»

ቀረሁ። ዳቦ ቤት ገባሁ፤ ቀኑን ሙሉ መቆም ስለሆነ እግሬን ቀስ እያለ አጠነከረው። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ መራመድ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ብቻዬን፣ በራሴ ቁጥር ጫማ። ሲያመኝ እቆማለሁ። መቆም እንደሚቻል ማወቅ ራሱ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ አልነግራችሁም።

ሚያዝያ ላይ ነው፣ ጉሙ ወፍራም በሆነበት ጠዋት። ሳላስበው የድሮው ዳገት ላይ ደርሻለሁ። ቀጭ ያለበት ቦታ የቱ እንደሆነ ልፈልገው ብል ጠፋኝ፤ ሣር በሣር ሆኗል። ጠጠር የለም። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፣ ከኔ ጋር የገጠመ። ዞር ስል ጓደኛዬ ናት፣ አንገቷን ደፍታ ተረከዜን ታያለች።

«እግሬን አትከተዪ!» አልኳት።

«ማን ተከተለሽ?» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «መንገዱን አሰላ ከተማ ነው የሠራው፣ አንቺ አይደለሽ!»

«እንግዲያው ጎኔ ነይ።»

መጣች። መንገዱ ለሁለት ይጠብ ነበር፤ ክርናችን እየተጋጨ፣ እሷ በእሷ ርምጃ፣ እኔ በኔ፣ እግራችን አንድም ጊዜ ሳይገጥም ዳገቱን ወጣን።