ለግድግዳው የመረጥነው መርፌ

ባለቤቴ ሲያገባኝ ይዞት የመጣው ንብረት አንድ የሽቦ አልጋ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ ሸክላና የሸክላ ማጫወቻ ነበር። ማጫወቻው ከእኔም ከአልጋውም በላይ ይከበራል። በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል፣ በነጠላ ይሸፈናል። እኔ እንድነካው የተፈቀደልኝ ጫጉላችን ካለቀ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ላፍቶ ያኔ ግማሽ ገጠር ነበር። ከጓሯችን ጀርባ የጤፍ ማሳ ይጀምራል፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው። አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ለሁለት ተከፍሎ በወዲህ እኛ፣ በወዲያ ከወላይታ የመጡ ልብስ ሰፊ ባልቴት እንኖርበታለን። እትዬ ነው የምላቸው። መሃላችን ያለው ግድግዳ ለስሙ ግድግዳ ይባል እንጂ እሳቸው ወዲያ ሲያነጥሱ እኔ ወዲህ ሆኜ "ይማርዎ" እላለሁ።

እትዬ ጴንጤ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መንግሥት ጸሎት ቤታቸውን ካሸገ ወዲህ ግን ስለዚህ ጉዳይ አፉን ሞልቶ የሚያወራ የለም። ዘፈን እንደማይወዱ ስለማውቅ ባለቤቴ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሸክላውን ሲከፍት እሳቀቃለሁ።

"ቀንሰው እንጂ፤ ሴትዮዋ ዘመዶቻቸው መጥተውባቸዋል" እለዋለሁ። እሑድ እሑድ ዘመድ አይጠፋባቸውም።

"ሳምንቱን ሙሉ ስብሰባ ስሰማ ከርሜ እሑድንም በሹክሹክታ ልስማ?" ይላል።

ማጫወቻው አንድ ጠባይ ብቻ ነበረበት። ያጉረመርማል። ዘፈኑ ረገብ ሲል ከሥር "ኡም…" የሚል ወፍራም ድምፅ ይሰማል። ባለቤቴ ካቻቪቴ ይዞ ስንት ጊዜ ሆዱን ዘረገፈው! ሽቦ ቀየረ፣ ከሥሩ ላስቲክ አነጠፈ፤ ወይ ፍንክች። የሚገርመው ደግሞ ሌላ ቀን ቢከፍተው ደህና ሆኖ፣ የሚያጉረመርመው እሑድ ብቻ መሆኑ ነው።

"መብራቱ ነው። እሑድ ፋብሪካዎቹ ስለሚዘጉ ኃይሉ ወደኛ ይበዛል" አለኝ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ አመንኩት።

አንድ እሑድ መርፌው አለቀ። ሸክላው ላይ እየተንሸራተተ አልቆም አለ። ባለቤቴ የመርፌው ጭንቅላት ላይ አምስት ሳንቲም አስቀመጠበት፤ ትንሽ ሠራ። ቀጥሎ ሃያ አምስት ሳንቲም ጨመረበት። ዘፋኙ ጉሮሮውን እንደተያዘ ሰው አንድ ጊዜ ሲጥ አለና ጸጥ አለ። ማጉረምረሙም አብሮ ቆመ።

"አየሽ! ከመርፌው ነበር ለካ!" አለኝ፣ ሐዘኑን ለአፍታ ረስቶ።

ሳምንቱ አጋማሽ ላይ በራችን ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። የብስኩት ቆርቆሮ ይዘዋል።

"ልጄ፣ ሸክላው ምነው ዝም አለ?"

እንግዲህ ሊያመሰግኑን ነው ብዬ ነበር። "መርፌው አልቆ ነው፣ እትዬ።"

"መርፌማ እኔ ጋ ሞልቷል" ብለው ቆርቆሮውን ከፈቱት። የኮት መርፌ፣ የብርድ ልብስ መርፌ፣ የሲንጀር መርፌ። ይህኛው ሌላ ዓይነት እንደሆነ፣ ጫፉ ላይ የከበረ ድንጋይ እንዳለው አስረዳኋቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

"እና እስከ እሑድ አይሠራም?"

ቅዳሜ ባለቤቴ ለልማት ዘመቻ ቦይ ቁፋሮ ታዘዘ። ቄራ ያለው ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ እኔ እንድሄድ ሆነ። የመርፌውን ጭንቅላት በመሐረብ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ አስታቀፈኝ። በር ላይ ስደርስ እትዬ ጥላቸውን ይዘው ቆመዋል። "አብሬሽ እሄዳለሁ" አሉ። ውይይት ታክሲ ውስጥ ተጠጋግተን ሄድን።

ጠጋኙ መነጽሩን ከጆሮው ጋር በላስቲክ ያሰረ ወሬኛ ሰው ነበር። የመርፌውን ጭንቅላት አገላብጦ አየና ተነፈሰ።

"ይሄ ዕቃ እኮ ጡረታ መውጣት ነበረበት። ደግሞ ምንድን ነው የጫናችሁበት?"

"ሳንቲም" አልኩ።

"ባንክ አይደለም እኮ!"

ከመሳቢያው ሁለት መርፌ አወጣ። አንደኛው ሰንፔር ነው፤ ልክ እንደ ድሮው ሰተት ብሎ ይገባል። ሁለተኛው አልማዝ ነው፤ ማቀፊያው ትንሽ ስለሚሰፋ በሞረድ መሞረድ አለበት። ለሸክላ አልማዝ ይገዛለታል፣ እኔ በጣቴ ያለው የመዳብ ቀለበት ነው ብዬ ለባለቤቴ የምነግርበትን ቀን አሰብኩ።

"ለቤት የሚሆነው ሰንፔሩ ነው። ድምፁ ማር ነው። አልማዙ ደረቅ ስለሆነ ይጮኻል" አለና ሰንፔሩን ገጥሞ በራሱ ማጫወቻ አንድ ትዝታ ከፈተልን። እውነትም ማር ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ እትዬ የሉም። ውጭ ወጥተው በሩን ዘግተውታል። በመስኮቱ ሳያቸው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። ተመልሰው ገቡ።

"ይሄ አይሆንም። ወዲያ አይሰማም።"

ጠጋኙ መነጽሩን አስተካከለ። "እማማ፣ ሸክላ የሚሰማው እኮ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ነው።"

"ያንን ደግሞ ሞክረው።"

አልማዙን ሞርዶ ገጠመው። ያው ዘፋኝ አሁን እዚያው ክፍሉ ውስጥ ቆሞ የሚጣላን ይመስል ነበር። የመሳቢያው እጀታ ተንቀጫቀጨ። እትዬ እንደገና ወጡ፣ እንደገና በሩን ዘጉ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

"ይሄ ነው የተባረከው!"

"ለእኔ ግን ያኛው…" ልል ስል ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። ልመናቸው ከዓይናቸው ስለሚታይ አልማዙን ወሰድን።

ከታክሲ ወርደን በማሳው ዳር ስንሄድ፣ ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አዩ።

"ልጄ፣ እሑድ የሚመጡት ዘመዶቼ አይደሉም። ለጸሎት ነው የምንሰበሰበው። ባልሽ ሸክላ ሲከፍት እኛ ከሥር እንዘምራለን፤ ሲያቆም እናቆማለን። ጌታ ይባርከው፣ አንድ እሑድ እንኳ ቀርቶ አያውቅም።"

በቆምኩበት ቀረሁ። ያ ማጉረምረም! ባለቤቴ በካቻቪቴ ያሳደደው፣ በፋብሪካ ያሳበበው! ሳቄ አፈነኝ፤ ጥላቸውን ተደግፌ ሳቅሁ። መጀመሪያ ደነገጡ፣ በኋላ ነገሩን ስነግራቸው እሳቸውም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ባለቤቴ ሲሰማ መጀመሪያ የከነከነው የቀየረው ሽቦ ነው። ቀጥሎ ግን አልማዙን በጥንቃቄ ገጠመና "በሉ እንግዲህ፣ እሑድን እናያለን" አለ።

እሑድ ሸክላው ተከፈተ። ወዲያ ማዶ ያሉትም በአዲሱ መርፌ ልባቸው ሞልቶ ኖሮ ከወትሮው ከፍ አድርገው ጀመሩ። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ገባ።

"ከመንገድ ጎትቶ ነው ያስገባኝ! ምን ዓይነት ድምፅ ነው ይሄ?" ብሎ አልጋው ላይ ተቀመጠ። አልጋው ጮኸ። እግዜር ይስጠው፣ ጥሩ ጊዜ ነው የጮኸው።

ያ ሸክላ ደግሞ በአንድ ፊቱ አንድ ዘፈን ብቻ ያለው ትንሹ ነው። አለቀ። ባለቤቴ ሊገለብጠው ተጣደፈ። ወዲያ ማዶ ሌሎቹ ቀጥ ሲሉ አንድ ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ ብቻውን ቀረ፤ "ኡም…" እያለ ቀስ ብሎ ወረደ። እኔ አሳለኝ። ሰሃን አነሳሁ፣ ሰሃን ጣልኩ።

ሊቀ መንበሩ አንገቱን አዘነበለ። "ዘፈኑ አላለቀም እንዴ?"

"አዲሱ መርፌ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር" አለ ባለቤቴ። "አልማዝ ነው። ድሮ የማይሰማውን ሁሉ ከሸክላው ያወጣል። ካለቀ በኋላም ትንሽ ይቀረዋል።"

"ይገርማል" አለ ሰውዬው። ሦስት አራት ሸክላ ሰማ፤ ባለቤቴም በሕይወቱ እንደዚያ ቀልጥፎ ገልብጦ አያውቅም። ሊቀ መንበሩ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ። ወደ ግድግዳው አየ፣ ወደ እኔ አየ።

"መርፌው ጥሩ ነው። ስትገለብጡ ግን ፈጠን በሉ" አለና ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ። ምን ማለቱ እንደነበር እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ ማንንም አልላከብንም።

ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ እትዬና ሰዎቻቸው በራቸውን ከፍተው መዘመር ጀመሩ። ከበሮ ገዙ፣ ቀጥሎም አኮርዲዮን ጨመሩ። ባለቤቴ የገዛ ሸክላውን መስማት አቃተው። አንድ እሑድ በስጨት ብሎ ግድግዳውን አንኳኳ።

"ግባ እንጂ! ቦታ አለ፣ ዳቦም አለ!" አሉት እትዬ ከወዲያ።

ገባ። ለዳቦው ነው የገባሁት ይላል።